የግሪኮች የአትክልት ድስት የማይከብደው ዘይት ስላነሰበት አይደለም

«ቀለል ያለ የግሪክ ምግብ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን አንድ ሰሐን ሰላጣ ነው። ቲማቲም፣ ኪያር፣ ጥቂት የወይራ ፍሬ፣ ከላይ ቁራጭ ፌታ አይብ፣ ከዚያ ጠብ ጠብ የተደረገ ዘይት። ክብደት መቀነስ የፈለገም፣ «ስኳርህ ከፍ ብሏል» የተባለም ወደዚህ ሰሐን ነው የሚሄደው። ሰላጣው ጥሩ ነው፣ አልከራከርም። ግን የግሪክ ቤተሰብ በሥራ ቀን ምሳ በልቶ የሚጠግበው በእሱ አይደለም። የሚጠግበው በድስት ምግብ ነው። እዚያ ድስት ውስጥ ደግሞ ዘይት የሚገባው በማንኪያ ሳይሆን በብርጭቆ ነው።

ነገሩ ግራ ያጋባል። ዘይት በብርጭቆ የሚጨመርበት ምግብ እንዴት «ቀላል» ይባላል? በውጭ አገር የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «የሜዲትራኒያን አመጋገብ ተከተሉ» ይባላሉ፤ እንደ ግሪክ ያሉ የሜዲትራኒያን ባሕር አገሮች የድሮ አበላል ማለት ነው። ብዙዎቹ ከዚያ ወጥተው የሚያደርጉት ነገር ቢኖር አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይት መግዛት ነው። ጠርሙሱ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። ገንዘቡ ወጥቶ ጥቅሙ ሳይገኝ ሲቀር ያሳዝነኛል። ስለዚህ ከድስቱ እንጀምር።

ግሪኮች በወይራ ዘይት የሚሠሯቸውን የአትክልት ወጦች በአንድ ላይ «ላዴራ» ይሏቸዋል። ዋናው ፎሶሊያ ነው። ለአራት ሰው አንድ ኪሎ ያህል ፎሶሊያ ይቀነጠባል። ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በዘይት ይለሰልሳል፤ እንዲጠቁር አይፈለግም። የተፈጨ ቲማቲም ይገባል፣ ነጭ ሽንኩርት ይገባል፣ አንዳንዱ ቤት ድንችም ይጨምራል። ውሃው በጣም ትንሽ ነው። ከዚያ ድስቱ ተከድኖ በለስላሳ እሳት ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል። ፎሶሊያው አረንጓዴነቱን ያጣል፣ ይልማል፣ በሹካ ሲነካ ይተኛል። ምግቡ ደረሰ የሚባለው ውሃው አልቆ መረቁ ዘይትና ቲማቲም ብቻ ሲሆን ነው። ወጥ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ምልክት ያውቀዋል፤ ዘይቱ ከላይ ሲወጣ ማለት ነው።

ፎሶሊያ ጠንከር እንዳለ መበላት አለበት የሚል የዘመኑ ምግብ ቤት ትምህርት እዚህ አይሠራም። እንዲያውም ላዴራ ከእሳት እንደወረደ ሲበላ ጣዕሙ ገና ነው። ለብ ሲል ይሻላል፣ በነጋታው ደግሞ ይበልጥ ይጣፍጣል። በበጋ ማለዳ ተሠርቶ ቀትር ላይ ሳይሞቅ ይቀርባል። አጠገቡ ዳቦ አለ፣ ቁራጭ ፌታ አለ። ሥጋ የለም። ማንም «ዋናው ምግብ የታለ?» ብሎ አይጠይቅም።

በዚያው መንገድ የሚሠሩ ሌሎችም አሉ። «ብሪያም» የሚባለው ድንች፣ ዙኪኒ፣ ደበርጃን፣ ቃሪያና ቲማቲም አንድ ላይ በትሪ ተደርድረው በምድጃ የሚጋገሩበት ነው። «ገሚስታ» ውስጣቸው ተፈልፍሎ ሩዝና ቅጠላ ቅጠል የሚሞላባቸው ቲማቲሞችና ቃሪያዎች ናቸው። «ስፓናኮሪዞ» ስፒናችና ሩዝ በእንስላልና በሎሚ ነው። «ኾርታ» ደግሞ ከሜዳ የሚለቀም ቅጠል ተቀቅሎ ዘይትና ሎሚ የሚፈስበት ነው፤ ከሁሉም ቀላሉ ይኼ ይመስለኛል። ጥራጥሬም ሞልቷል። «ፋሶላዳ» የሚባለውን የነጭ ቦሎቄ ሾርባ ብዙ ግሪኮች የብሔራዊ ምግብ ማዕረግ ይሰጡታል። በሲፍኖስ ደሴት ሽምብራ በሸክላ ድስት ተደርጎ ቅዳሜ ማታ ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ ሌሊቱን ሲበስል አድሮ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይበላል። የሳንቶሪኒ ደሴት «ፋቫ» ደግሞ ሲታይ ልክ የአተር ክክ አልጫ ነው፤ የሚሠራበት ጥራጥሬ ግን አተር ሳይሆን የጓያ የቅርብ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የወይራ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። እንደማንኛውም ዘይት ነው፣ በዚህ ረገድ የተለየ ነገር የለውም። ለፎሶሊያው 150 ሚሊ ሊትር ከገባ ወደ 1,200 ካሎሪ ይሆናል። ለአራት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 300። ሩብ ኪሎ ፎሶሊያው ከመቶ ካሎሪ አይበልጥም። ሁለት ቁራጭ ዳቦና ትንሽ አይብ ተጨምሮበት ጠቅላላው ምሳ 650 ካሎሪ አካባቢ ይቆማል። ያ ሙሉ ምሳ ነው፤ ሰውየው ሩብ ኪሎ አትክልት በልቷል፣ እስከ ማታ አይርበውም።

ቁም ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ዘይቱ እዚያ ድስት ውስጥ የገባው በሌላ ነገር ላይ ተጨምሮ አይደለም። የሥጋውን፣ የቅቤውን፣ የክሬሙን ቦታ ይዞ ነው። አትክልት ብቻውን ተቀቅሎ ሲቀርብ ሰው ለሁለት ቀን ይታገሰዋል፣ በሦስተኛው ይተወዋል። በዘይት ቀስ ብሎ ሲበስል ግን ራሱን የቻለ ወጥ ይሆናል፣ ቤተሰቡም ዓመቱን ሙሉ ይበላዋል። ሌላም ጥቅም አለው። ቲማቲምን ቀይ የሚያደርገው ላይኮፒን የተባለው ንጥረ ነገር በስብ የሚሟሟ ስለሆነ፣ በዘይት የበሰለ ቲማቲም ውስጥ ያለውን ሰውነታችን ከጥሬው በተሻለ ይወስደዋል። ዘይት የለሽ ሰላጣ የሚበላ ሰው ይህን ያጣል።

የዚህ አመጋገብ ዝና የመጣው ከግሪኳ ቀርጤስ ደሴት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው ሮክፌለር ፋውንዴሽን የደሴቲቱን ኑሮ ሊያጠና ባለሙያዎችን ላከ። ሰዎቹ ያዩት ድህነት ነው። ሥጋ እምብዛም አይበላም፤ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ቅጠልና ዘይት ግን ሞልቷል። በ1958 አሜሪካዊው ተመራማሪ አንሰል ኪይስ «የሰባት አገሮች ጥናት» የሚባለውን ጀመረ። ከ12,000 በላይ ጎልማሳ ወንዶች ለዓመታት ክትትል ተደረገላቸው። የቀርጤስ ገበሬዎች ከሚያገኙት ካሎሪ 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከስብ የሚመጣ ነበር፤ አብዛኛው የወይራ ዘይት ነው። በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው ግን ከሁሉም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። «ስብ መጥፎ ነው» ለሚለው አስተሳሰብ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነበር።

የእነዚያ ገበሬዎች ኑሮ ግን ዘይት ብቻ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ይቆፍራሉ፣ ተራራ ይወጣሉ ይወርዳሉ። ኦርቶዶክስ ናቸው፣ አጽዋማቱም ብዙ ናቸው። በቀርጤስ ከተካሄዱት የአመጋገብ ዳሰሳዎች አንዱ ከዐቢይ ጾም ጋር ተገጣጥሞ ስለነበር፣ ጾሙ በቂ ትኩረት አልተሰጠውም የሚል ትችት ከዓመታት በኋላ ቀርቦበታል። ትችቱ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ዓመቱን ግማሽ ያህል ከሥጋና ከወተት እየተለየ ሲኖር፣ «ጤናው ከምን መጣ?» ለሚለው ጥያቄ ጾሙን ትቶ ዘይቱን ብቻ ማየት አይቻልም።

ከሁሉም ጥናቶች እኔን ይበልጥ ያሳመነኝ በ2003 የወጣው ነው። የአቴንስ ዩኒቨርሲቲዋ አንቶኒያ ትሪኮፑሉና ባልደረቦቿ ከ22,000 በላይ ግሪካውያንን ተከታትለው ውጤቱን ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። የድሮውን አመጋገብ በጥቅሉ ይበልጥ የተከተሉት ሰዎች የሞት መጠናቸው ያነሰ ነበር። እያንዳንዱ የምግብ ዓይነት ለብቻው ተነጥሎ ሲመረመር ግን ግንኙነቱ በአብዛኛው ጎልቶ አልወጣም። ጠርሙሱን ብቻ ለሚገዛ ሰው ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ የለም።

በስፔን የተካሄደው ፕሬዲሜድ የተባለው ጥናት በ2013 ሲወጣ ደግሞ ዓለም ሁሉ ስለ ወይራ ዘይት ማውራት ጀመረ። ከ7,400 በላይ ለልብ ሕመም የተጋለጡ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ለአንደኛው ቡድን በሳምንት ለቤተሰብ አንድ ሊትር የወይራ ዘይት በነጻ ይሰጠው ነበር። ስብ እንዲቀንስ ከተመከረው ቡድን ጋር ሲነጻጸር ከባድ የልብና የደም ሥር ችግር በ30 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። በኋላ የሰዎቹ አመዳደብ ላይ እንከን ስለተገኘ ጽሑፉ በ2018 ከኅትመት ተነሥቶ፣ እንደገና ተተንትኖ ወጣ። ውጤቱ ተቀራራቢ ነው፣ አገላለጹ ግን ለዘብ ብሏል። ጥናቱ ክብደት እንዳለው አምናለሁ። ነገር ግን እነዚያ ሰዎች ዘይቱን ብቻ አልነበረም የተቀበሉት። ጥራጥሬ፣ አትክልትና ዓሣ እንዲያዘወትሩ፣ ቀይ ሥጋ እንዲቀንሱ በየጊዜው ይመከሩ ነበር።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩ ሩቅ የማይሆነው በጾሙ ምክንያት ነው። የግሪክ ኦርቶዶክስም እንደኛው ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ፍልሰታን፣ የገናን ጾም ትጾማለች። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም። ልዩነትም አለ። እኛ በጾም የአትክልትና የቅባት እህል ዘይት እንበላለን፤ በእነሱ ሥርዓት ግን በጠበቀ የጾም ቀን የወይራ ዘይትም ይከለከላል። በዐቢይ ጾም ዘይት የሚፈቀደው በዋናነት ቅዳሜና እሁድ ነው። በሌላ በኩል እነሱ በጾም ኦክቶፐስና ስኩዊድ የተባሉ የባሕር እንስሳት ይበላሉ፤ ይሄ ለእኛ ሰው ይገርመው ይሆናል። ስቅለት ዕለት ብዙ ቤት የሚቀርበው ዘይት የሌለው ነው፤ ስቡ የሚገኘው ከሰሊጥ ከሚሠራው ጣሂና ነው።

ስለዚህ ያደግንበት ጓዳ ለግሪኩ ድስት እንግዳ አይደለም። ፎሶሊያ በካሮት፣ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን በድንች፣ ክክ አልጫ፣ ምስር፣ ሽምብራ አሳ፣ ሁሉም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። ልዩነቱ መጠን ላይ ነው። በየአይነቱ ሲቀርብ እንጀራው ሰፊ ነው፣ ሽሮና ምስሩ መሐል ላይ ነው፣ አትክልቱ ግን ዳር ዳር በማንኪያ ነው። በግሪክ ድስት አትክልቱ መሐል ነው፣ ዳቦው ዳር። ሐኪም የመከረው ሰው መጀመሪያ የሚነካው ይህን ቢሆን ደስ ይለኛል። ጎመኑን ሦስት እጥፍ ያድርገው፣ እንጀራውን ይቀንስ። ለዚህ የወይራ ዘይት መግዛት አያስፈልገውም።

አገር ቤት ላለ ሰውማ ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ነው። ከውጭ የሚገባ የወይራ ዘይት ለብዙ ቤተሰብ የማይታሰብ ነው። የእኛው ወይራ ደግሞ ከዱር ወይራ ወገን ነው፤ ፍሬው ትንሽ ነው፣ ዛፉ የሚታወቀው የወተት ዕቃና ጋን በማጠን እንጂ በዘይት አይደለም። እዚያ ትልቁ ጥያቄ የረጋ ዘይት ነው። ወደ አገር ከሚገባው የምግብ ዘይት ብዙው የፓልም ዘይት ነው፤ ከስቡ ግማሽ ያህሉ ለደም ሥር የማይመከረው ዓይነት ነው። ከእሱ ወደ ኑግ፣ ወደ ሱፍ ወይም ወደ ሰሊጥ ዘይት መዞር ለሚችል ሰው ትልቁ እርምጃ እሱ ነው። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ለዚህም ነው «የወይራ ዘይት ካልሆነ አይሆንም» የሚለው ምክር የሚያናድደኝ።

መግዛት ለሚችል ሰው ጥቂት ነገር ልበል። «ኤክስትራ ቨርጂን» የሚባለው ፍሬው ተጨምቆ ያለ ኬሚካል የወጣ ነው፤ አሲድነቱ ከ0.8 በመቶ መብለጥ የለበትም። ጉሮሮ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ ከሆነ መጥፎ አይደለም፤ ያ የሚመጣው ኦሌኦካንታል ከተባለ ጠቃሚ ንጥረ ነገር ነው። «ላይት» የሚል የተጻፈበት ደግሞ ብዙ ሰው ያሳስታል። ካሎሪው አልቀነሰም። የተጣራ ዘይት ነው፣ የቀለለው ቀለሙና ጣዕሙ ብቻ ነው፤ ጠቃሚው ነገርም አብሮ ሄዷል። «ፖሜስ» የሚለው ከጭማቂው በኋላ ከቀረው ገለባ በኬሚካል የሚወጣ ነው። ጨለም ያለ ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ይመረጥ፣ የምርት ዘመኑ ይታይ፣ ከምድጃ አጠገብ አይቀመጥ። «የወይራ ዘይት ከተሞቀ መርዝ ይሆናል» የሚባለው ወሬ ግን መሠረት የለውም። ቲማቲም ያለበት ድስት ከ100 ዲግሪ ብዙ አያልፍም፤ ዘይቱ የሚጨሰው ወደ 200 ሲጠጋ ነው። ግሪኮች ድንችም ይጠብሱበታል።

አሁን ደግሞ የሚያሳስበኝን ልናገር። ይህን ምግብ ለዓለም ያስተማሩት ሰዎች ራሳቸው እየራቁት ነው። ዩኔስኮ የሜዲትራኒያንን አመጋገብ በ2010 በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ ግሪክ ከባለቤቶቹ አንዷ ነበረች፤ የፔሎፖኔዟ ከተማ ኮሮኒ ስሟ በመዝገቡ ተጠቅሷል። በዚያው ዘመን ግን የግሪክ ሕፃናት በውፍረት ከአውሮፓ ቀዳሚዎቹ መካከል ሆነዋል። ምክንያቱ የሚስጥር አይደለም። አንድ ሰዓት የሚንተከተከውን ድስት የሚጠብቅ ሰው ቤት የለም። እናትም አባትም ሥራ ላይ ናቸው። ልጁ ሲወጣ የሚያገኘው ሱቭላኪ (በእንጨት ተሰክቶ የተጠበሰ ሥጋ)፣ የአይብ ቂጣና ለስላሳ መጠጥ ነው። ዘይቱ እዚያው አለ፣ አትክልቱ ሄዷል፣ ሥጋው ገብቷል። በዚህ ሁኔታ ያው ዘይት ትርፍ ካሎሪ ከመሆን አያልፍም።

በዚህ ላይ ዋጋው መጣ። የዓለም ትልቋ አምራች ስፔን በድርቅ ተመታች። በ2021/22 ወደ 1.5 ሚሊዮን ቶን ያመረተች አገር በቀጣዩ ዓመት ከ700,000 ቶን በታች ወረደች። የ2023/24 ምርት ደግሞ ግሪክ ላይ ጨከነ። ክረምቱ ሞቀ፤ የወይራ ዛፍ ግን በደንብ ለማበብ ብርድ ይፈልጋል። የአገሪቱ ምርት ከቀዳሚው ዓመት ግማሽ ያህል ሆነ። በጥር 2024 የዓለም ገበያ ዋጋ በቶን ወደ 10,000 ዶላር ደረሰ። በዚያው ወር ግሪክ ውስጥ የወይራ ዘይት ከዓመት በፊት ከነበረው በ67 በመቶ ጨምሮ ነበር። ከመጋዘን ዘይት የሚሰርቁ፣ ሌሊት ቅርንጫፍ ቆርጠው የሚሄዱ ሌቦች ተነሱ። ስፔን በዘይቱ ላይ የምትጥለውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ለጊዜው ዜሮ አደረገች።

ግሪክ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ዘይት ከሱፐርማርኬት አይገዛም። አያት መንደር አለ፣ ዛፍ አለ፤ በመኸር ጊዜ 16 ወይም 17 ኪሎ የሚይዝ ቆርቆሮ ወደ ከተማ ይላካል። ይህ ሰንሰለት ያለው ሰው ከዋጋው ተርፏል። የሌለው፣ በተለይ አቴንስ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ወጣት፣ ወደ ሱፍ ዘይት ዞሯል። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ስፔን ዝናብ አግኝታ ምርቱ ሲያገግም ዋጋው ወርዷል። የአየር ጠባዩ ግን አልተመለሰም፤ ሌላ ሞቃት ክረምት ሲመጣ ይኸው ታሪክ ይደገማል።

ስለዚህ ለግሪኩም፣ ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ላለው የእኛም ሰው የምመክረው አንድ ነው። ድስቱን ይያዝ፣ በዘይቱ ዓይነት አይጨነቅ። ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን በርካሽ የሱፍ ዘይት ያብስል። ፎሶሊያው ልሞ ከእሳት ሲወርድ ለአራት ሰው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጥሩ የወይራ ዘይት ጥሬውን ያፍስስበት። ጣዕሙም ጠቃሚው ነገርም ይበልጥ የሚተርፈው ያኔ ነው፣ ጠርሙሱም ይበረክታል። ጊዜ የሌለው ሰው ቅዳሜ ትልቅ ድስት ይሥራ። ይህ ምግብ ሲያድር ይሻሻላል፣ ሰኞና ማክሰኞ ሳይሞቅም ይበላል። ሥራ ቦታ ማይክሮዌቭ ላይ ሰልፍ መያዝ የለም፤ ዳቦና አንድ ሎሚ ይዞ መሄድ ይበቃል።